የሱቃችንን ኮምፒውተሮች ጥገናና ክትትል ለሌላ ድርጅት በኮንትራት ልንሰጥ ነው፤ ደሴ ላይ የሞከረ አለ?

ጠያቂዋ፣ ደሴ ፒያሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ ጋር የሕንፃ መሣሪያ በጅምላ እንሸጣለን። ሱቁ ደሴ፣ መጋዘኑ ኮምቦልቻ ነው። ስድስት ኮምፒውተር አለን፤ አንዱ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነበት ሰርቨር (ሌሎቹ የሚገናኙበት ዋናው ኮምፒውተር) ነው። እስካሁን ሲበላሽ አንድ ልጅ እየመጣ ይሠራልን ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልወቅሰውም። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ አልነሳም አለ። ፓስወርዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ስልኩ ደግሞ አይሠራም። እስኪደውልልን ድረስ ዘጠኝ ቀን በእጅ ጻፍን። አባቴ ማታ ማታ የዱቤውን ዝርዝር ከጭንቅላቱ እያወጣ ያጽፈኝ ነበር። «የሐይቁ ሰውዬ ስንት ቆርቆሮ ነው የቀረበት?» እያለ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያስብ ሆዴ ተላወሰ።

አሁን አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በወር ክፍያ ሁሉንም ልያዝላችሁ ብሏል። ከርቀት ይከታተላል፣ በወር አንዴ ይመጣል። አባቴ «ገመናችንን ለማናውቀው ሰው?» ይላል። ሰው እንዳልቀጥር ለስድስት ኮምፒውተር የሙሉ ቀን ሥራ የለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። እኔ ፋብሪካ ውስጥ አይቲ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ውል ብዙ አይቻለሁ። «በሁለት ሰዓት ምላሽ እንሰጣለን» የሚለው ላይ ቆም በይ። ምላሽ ማለት ስልክ ማንሳት ነው፤ መጠገን አይደለም። የመጠገኛው ሰዓት ለብቻው ይጻፍ። ሰርቨር አልነሳም ካለ ደግሞ ከርቀት ምንም አይደረግም፤ ሰው በአካል መምጣት አለበት። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ አካባቢ ሰው አላቸው ወይ? ካላቸው ስልኩ ውሉ ላይ ይግባ።

የዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን መሣሪያ) ባትሪም አስፈትሺ። ብዙ ሱቅ ውስጥ ይጮሃል እንጂ አይዝም።

መልስ ከደሴ፣ የሒሳብ ሠራተኛ

አባትሽ እውነታቸውን ነው። ኤኒዴስክ፣ ማለትም ከርቀት ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የሚገቡበት ፕሮግራም፣ የሚከፈተው እናንተ ስትፈቅዱ ብቻ ይሁን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የደንበኛን ስልክና ዕዳ ሌላ ድርጅት ቢይዘውም ኃላፊነቱ ከእናንተ ትከሻ አይወርድም።

ስለ ባክአፕ፣ ስለ መጠባበቂያ ቅጂው፣ ግን ልለምንሽ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ከደሴ ስንወጣ ልጄን አዝዬ፣ ሃርድ ዲስኩን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ነው የወጣሁት። ስንመለስ ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተር ቀርቶ የሶኬት ክዳን አልነበረም። የአራት ዓመት ሒሳብ የተረፈው በዚያች ሃርድ ዲስክ ነው። አንድ ቅጂ እጃችሁ ላይ፣ አንዱ ከደሴ ውጭ ይኑር። በየሦስት ወሩም ከቅጂው ላይ የድሮ ደረሰኝ አውጥተው ያሳዩሽ። ሲፈልጉት የማይከፈት ባክአፕ አይቻለሁ።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ዛሬ ደወልኩላቸው። ኮምቦልቻ ሰው አለን አሉኝ፤ ነገ አገኘዋለሁ። የአድሚኑ ፓስወርድ በፖስታ ታሽጎ ካዝናችን ውስጥ ይቀመጣል ስለው አባቴ «እንዲህ ከሆነ ይምጡ» አለ። ለሙከራ የሦስት ወር ውል ነው የምንፈርመው።

ዩፒኤሱን በአምፖል ሞከርኩት። ከሶኬት ስነቅለው አምፖሉ ወዲያው ጠፋ። እሱን ነገ ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት እቀይረዋለሁ።