አዲስ ዲስክ ከጨመርኩ ወዲህ ኡቡንቱ አልነሳ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ ጭንቅ ውስጥ ነኝ። ኡቡንቱ (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ላይ 4 ቴራባይት ዲስክ ጨመርኩ። በድሮው የዲስክ አከፋፈል ዘዴ በኤምቢአር ስከፍለው ከ2 ቴራባይት በላይ አልቀበልም አለኝ፣ በአዲሱ ዘዴ በጂፒቲ ሳደርገው ግን እሺ አለ። በኢኤክስቲ4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ፎርማት አድርጌ ፎቶዎቼን በሙሉ ገለበጥኩበት፣ የልጄን የክርስትና ሳይቀር። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ራሱ ማውንት እንዲያደርገው (ከፍቶ እንዲያገናኘው) ኤፍኤስታብ በሚባለው የዲስኮች ዝርዝር ፋይል ውስጥ ሲስተሙ ያኔ የሰጠውን ስም ኤስዲቢ1 ብዬ ጻፍኩ (ያን ረጅም ዩዩአይዲ፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የማይለዋወጠውን መለያ፣ መገልበጥ ታክቶኝ ነው፣ አትሳቁብኝ)። ትናንት ፍላሽ እንደተሰካ ሪስታርት ሳደርገው ኢመርጀንሲ ሞድ (የችግር ጊዜ መጠገኛ) የሚል ጥቁር ስክሪን ላይ ተገትሮ ቀረ። ዲስኮችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ ኤልኤስቢኤልኬ ብዬ ሳየው ኤስዲቢ የሆነው ፍላሹ ነው፣ ዲስኬ ኤስዲሲ ሆኗል! አሁን በናኖ (የጽሑፍ ማረሚያ) ገብቼ የኤፍኤስታቡን መስመር በዩዩአይዲ ብተካው ይበቃል ወይስ ኖፌይል (ዲስኩ ባይገኝም መነሳቱን ቀጥል) የሚለውንም ልጨምርበት? ፎቶዎቹስ አይነኩም አይደል? እባካችሁ የሚያውቅ ቶሎ ይንገረኝ፣ እስከዚያ ምንም አልነካም።