አሜሪካኖች እራት ላይ ከስጋው ጎን ያልተፈተገ እህል ለምን አያቀርቡም?

ሰብለ_ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ጎረቤት ጋብዞኝም ይሁን ሬስቶራንት ገብቼ የማየው ሳህን አንድ ዓይነት ነው። ስጋ ወይም ዶሮ፣ ትንሽ አትክልት፣ ከጎን ድንች። ድንች ካልሆነ ነጭ ሩዝ ወይም ፓስታ። ገብስ፣ ያልተፈተገ ስንዴ ወይም ቡናማ ሩዝ ከስጋ ጋር ሲቀርብ የማየው ከስንት አንዴ ነው። ሀገሩ ደግሞ ስንዴ ለዓለም የሚሸጥ ሀገር ነው፣ ሐኪሙም ሁሌ ያልተፈተገ እህል ብሉ ይላል። እናቴ ስኳር ስላለባት ጉዳዩ ለእኔ የቤት ጉዳይ ነው። ምክንያቱ ዋጋ ነው? ጣዕም? ወይስ ሌላ የማላውቀው ነገር አለ?

ባለ_ወፍጮ፦
እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ነገሩን የምጀምረው ከወፍጮው ነው። ድሮ እዚህም በድንጋይ ነበር የሚፈጨው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ሚኒያፖሊስ ያሉት ትልልቅ ወፍጮ ቤቶች ወደ ብረት ሮለር ዞሩ። ሮለሩ ፉርሽካውንና ቅባት ያለበትን የፍሬውን ማብቀያ ለይቶ ያወጣዋል። ቅባቱ ከወጣ ዱቄቱ ቶሎ አይበላሽም፣ ወራት ይቆያል፣ በባቡር ተጭኖ ከጫፍ ጫፍ ይደርሳል፤ ስለዚህ ድሮ ደህና ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ይበላው የነበረው ነጭ ዳቦ የሁሉም ቤት ዳቦ ሆነ። ፉርሽካው ለከብት ሄደ። በኋላ ነጩ ዱቄት ቫይታሚን እንደጎደለው ሲታወቅ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተደረገው ወደ ሙሉው እህል መመለስ አይደለም። ነጩ ላይ ቫይታሚን ቢ እና አይረን መጨመር ነው። ልማዱ በዚያው ጸና።

ሌላው እህልስ የት ገባ? ገብሱ በአብዛኛው ለቢራና ለመኖ ነው። አጃ ትራክተር ሳይመጣ የፈረስ ቀለብ ነበር። በቆሎው ደግሞ አብዛኛው ለከብት፣ ለአሳማ፣ ለዶሮና ለኢታኖል (ከቤንዚን ጋር ለሚቀላቀል አልኮል) ይውላል። እህሉ እራት ገበታ ላይ የሚደርሰው ስጋ ሆኖ ነው ማለት ይቻላል።

የተረፈው ቁርስ ላይ ቀረ። በ1830ዎቹ ሲልቬስተር ግራሃም የሚባል ሰባኪ ሰው ያልተነፋ ዱቄት እንዲበላ ይሰብክ ነበር። በኋላ ሚሺጋን ባትል ክሪክ ውስጥ ኬሎግ የሚባል ሐኪም በጤና ተቋሙ ለታካሚዎቹ የእህል ቁርስ አቀረበ፣ ከዚያም ኮርንፍሌክሱ መጣ። እህል በወተት፣ ጠዋት፣ በጣፋጭ። አሜሪካዊው አጃን ከስጋ ጋር አስበው ብትዪው ይከብደዋል። እኛስ ብንሆን ቅንጬን የምናውቀው ቁርስ ላይ አይደል?

ኩሽና_ነኝ፦
የላይኛው ወንድሜ የጻፈው ልክ ነው፣ ግን ሬስቶራንት ኩሽና ውስጥ ለምሠራው ለእኔ ዋናው ነገር ሰዓት ነው። የድንች ጥብስ ተቆርጦ፣ በከፊል በስሎ፣ በረዶ ሆኖ በካርቶን ይመጣል። ይሄን ያስፋፉት ከ1940ዎቹ ጀምሮ አይዳሆ ያለው የሲምፕሎት ድርጅትና መሰሎቹ ናቸው። ዘይት ውስጥ ሦስት አራት ደቂቃ፣ አለቀ። ቡናማ ሩዝ አርባ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ሙሉ ስንዴ አንድ ሰዓትም ይፈጃል። ቀድመሽ ቀቅለሽ ሙቅ ላይ ብታቆዪው ይላሽቃል፣ ካልተሸጠ ይደፋል። ደንበኛው ደግሞ ምርጫ ሲሰጠው ጥብሱን ነው የሚለው። ሀምበርገር ያዘዘ ሰው እህሉን በዳቦው በልቷል፣ ሌላ እህል ከጎን ለምን ይጨምራል?

ቤት ውስጥም ያው ነው። ከሥራ ምሽት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቶ ልጆች የሚያበላ ሰው ገብስ አይጥድም። ኪንዋ የሚባለው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ደቃቅ ፍሬ እንዴት እንደገባ ተመልከቱ፣ አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል።

ሀይቅ_ዳር፦
እኔ ግን "አሜሪካኖች" ብሎ መጠቅለሉን አልወደድኩትም። እዚህ ሚኒሶታ ኦጂብዌ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ታንኳ ይዘው ሀይቅ ውስጥ ገብተው የዱር ሩዝ ይሰበስባሉ። አንዱ ታንኳውን ይገፋል፣ ሌላው በእንጨት ዘለላውን እየመታ ፍሬውን ታንኳው ውስጥ ያራግፋል። ለእነሱ የተቀደሰ ምግብ ነው። ያልተፈተገ ነው፣ ከስጋ ጋርም ይበላል፣ ታንክስጊቪንግ (የምስጋና በዓል) ላይ የብዙ ነጭ ቤተሰብ ገበታ ላይም አለ። ደቡብ ከወረዳችሁ ግሪትስ የሚባል የበቆሎ ገንፎ አለ፤ ሱቅ ያለው በብዛት ፉርሽካውና ማብቀያው የወጣለት ቢሆንም በድንጋይ የሚፈጩት አሁንም አሉ። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች ካሻ የሚባል እህል፣ አርመኖች ቡልጉር የሚባል ተቀቅሎ የተከካ ስንዴ ይዘው መጥተዋል። ምግቡ አለ፣ ከየማኅበረሰቡ ወጥቶ የሁሉም አልሆነም እንጂ።

መንግሥትም ሳይናገር ቀርቶ አይደለም። የ2005ቱ የአመጋገብ መመሪያ ከምትበሉት እህል ቢያንስ ግማሹ ያልተፈተገ ይሁን ይል ነበር። ከ2012 ጀምሮ የትምህርት ቤት ምሳ ላይም ሕግ ወጣ። ታዲያ ፋብሪካዎቹ ምን አደረጉ? የፒዛውን ሊጥ፣ የበርገሩን ዳቦ፣ ፓስታውን በሙሉ ዱቄት ሠሩት። እህሉ ገባ፣ ግን ዳቦ ውስጥ ተደብቆ። ልጁ ገብስን በመልኩ ሳያውቀው ያድጋል፣ ያላወቀውን ደግሞ አድጎ አያበስለውም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ሰብለ_ሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ለእናቴ ግን ምን ላድርግ? እንጀራው አለ፣ ጤፍ እንደሆነ ደቃቅ ስለሆነ ከነልጣጩ ነው የሚፈጨው። እሷ ግን አንዳንዴ ከዶሮ ጥብስ ጋር ሌላ ነገር ያምራታል።

ኩሽና_ነኝ፦
የምትገዙትን እንጀራ መጀመሪያ አጣሪ። እዚህ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከስንዴ ወይም ከሌላ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ነው። ንጹህ ከፈለግሽ አይዳሆ ውስጥ የሚበቅል የጤፍ ዱቄት ገዝተሽ ቤት ጋግሪ። ገብስ ስትገዢ ፓኬቱ ላይ "ፐርልድ" የሚለው የተፈተገ ነው፣ "ሀልድ" የሚለውን ያዢ። ማታ ዘፍዝፊው፣ እሁድ ብዙ ቀቅለሽ በትንንሽ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ጊዜ ካጣሽ ቡልጉር ይሻልሻል፣ አስቀድሞ የተቀቀለ ስለሆነ አስራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ የአረብ ሱቆች ውስጥ በርካሽ ታገኚዋለሽ። በቀይ ሽንኩርትና በትንሽ ዘይት አቁላይው። መጠኑን ግን ቀንሺ፣ ያልተፈተገም ቢሆን ስኳር ይጨምራል፣ ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሩበት።

ሀይቅ_ዳር፦
የዱር ሩዝ ከፈለግሽ ደግሞ መለያውን አንብቢ። ሱቅ ያለው አብዛኛው በእርሻ የተዘራ ነው። ከሀይቅ የተለቀመው ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ቶሎ ይበስላል፣ ጣዕሙም ሌላ ነው።