ለበረዶ ወራት ራሴ የምገጣጥማት ሳይክል፦ የትኛውን ፍሬም ልያዝ?

ማሂ ከቴንስታ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ስቶክሆልም፣ ቴንስታ ነው። የምሠራው ሶልና፣ ሆስፒታል ውስጥ። ደርሶ መልሱ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በበጋ በሳይክል ነው የምመላለሰው። ብርዱ ሲገባ ግን የአውቶቡስ ጥገኛ ነኝ። እሁድ ጠዋት ደግሞ አውቶቡሱ እንደ ልብ አይገኝም።

ዘንድሮ ቆርጫለሁ። ደህናዋን ሳይክሌን ግን ጨው አላስበላትም። አሮጌ ፍሬም ገዝቼ ለክረምቱ ሌላ ራሴ ልገጣጥም ነው። ጎማ መቀየር፣ ፍሬን ማስተካከል፣ ካቴና መቁረጥ አያቅተኝም። በጀቴ ባለ ሚስማር ጎማውን ጨምሮ 4,000 ክሮነር ነው። ከዚያ ካለፈ ቤት ውስጥ ጥያቄ ይነሳል።

ሦስት ፍሬም አግኝቻለሁ። አንዱ የጎረቤቴ ልጅ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ሃይብሪድ (የአስፋልትና የማውንቴን ሳይክል ድብልቅ) ነው። ቀላል ነው፣ የዲስክ ፍሬን ማሰሪያ አለው፣ ጎማው 28 ኢንች ነው። 1,200 ይላል። ሁለተኛው የ90ዎቹ ማውንቴን ባይክ ነው። ብረት፣ 26 ኢንች፣ የፊት ሹካው ስፕሪንግ የሌለው። ወይን ጠጅ ቀለሙ ግማሹ ተልጧል። በ300 ይሰጡኛል። ሦስተኛው ክሬሸንት የሚባለው የስዊድን ሳይክል ነው፣ አሮጌ፣ የሴት። ባለ ሦስት ማርሽ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ፍሬን የሚይዘው ዓይነት። በጣም ያምራል፣ በጣም ይከብዳል።

ልቤ ወደ አሉሚኒየሙ ያደላል። አይዝግም ይሉኛል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። ምን ትላላችሁ?

አባይ ዳር (ስቶክሆልም)

እህቴ ሰላም። ባህር ዳር ሳይክል ስጠግን ነው ያደግኩት። እዚህም እንጀራዬ እሱው ነው። ስለዚህ ነገሬ ቢረዝም ታገሺኝ።

«አሉሚኒየም አይዝግም» የሚሉሽ ግማሹን ነው የነገሩሽ። እንደ ብረት ቀይ አይሆንም፣ እውነት ነው። ጨው ሲያገኘው ግን ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። ሌላ ብረት ከነካው ደግሞ ይብሳል። የአሉሚኒየም ፍሬም ውስጥ የተጠመጠመ የብረት ቡሎን ሳይነካ ሁለት ክረምት ይቆይና ልትፈቺው ስትሞክሪ አንገቱ ተቆርጦ እጅሽ ላይ ይቀራል። ከተማው ዋና ዋና የሳይክል መንገዶችን በብሩሽ ጠርጎ የጨው ውሃ ነው የሚረጭባቸው። ለነጂው ግሩም ነው፣ አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ሳይክሏ ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ጨው ስትጠጣ ትከርማለች። ከምንም ብትሠራ አታመልጥም።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ክብደቱን አይደለም፣ ከምን እንደተሠራም አይደለም። ሜትር ይዤ እንበረከካለሁ። ከፔዳሉ በስተኋላ፣ የኋላ ጎማው በሁለቱ ቱቦዎች መሃል የሚያልፍበትን ጠባብ ቦታ እለካለሁ። ሂሳቡ ይኸውልሽ። ለ28 ኢንች የተለመደው ባለ ሚስማር ጎማ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ፓራፋንጎው ከጎማው መስፋት ስላለበት ወደ 45 ይጠጋል። ግራና ቀኝ ደግሞ ትንሽ መተንፈሻ ይፈልጋል። ክፍተቱ ከ50 ካነሰ ተይው።

ያለ ፓራፋንጎ እነዳለሁ እንዳትይ። ጭቃው ጀርባሽን ብቻ አይደለም የሚመታው፤ ካቴናውንና የፔዳሉን ኩሽኔታ ነው የሚጨርሰው። ጠባብ ክፍተት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አየሩ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በረዶው ይረጥባል፣ ጎማው እያነሳ ፓራፋንጎው ስር ይጠቀጥቀዋል። ሲጠጥር ጎማው አልዞርም ይላል። ሥራ ረፍዶብሽ፣ መንገድ ዳር ቆመሽ፣ በቤት ቁልፍ ስትቆፍሪ ይታይሽ።

ቀጥሎ የኋላ ጎማው የሚታሰርበትን ስንጥቅ እይ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከተከፈተ ጎማውን ወደ ኋላ ስበሽ ካቴና ማጥበቅ አትችይም። ጋደም ያለ ከሆነ ትችያለሽ። ይህን የምልሽ ለዚህ ከተማ ክረምት የምመክረው ማርሹ ሞዞ (የጎማው እምብርት) ውስጥ የተደበቀውን ስለሆነ ነው። ውጭ የሚንጠለጠለው ማርሽ በረዶና አሸዋ ይሞላዋል፣ ማታ ይደርቅበታል፣ ጠዋት ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው አልሄድም ይላል። እንዲህ ያለው ባለ ስምንት ማርሽ ሞዞ፣ የሺማኖ ኔክሰስ፣ ስፋቱ 132 ሚሊ ነው። የ90ዎቹ ማውንቴን ባይክ የኋላ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 135 ነው። ብረት ስለሆነ ለ3 ሚሊ አይጨነቅም፣ ዳዶው ሲጠብቅ ይጠጋልሻል። ስንጥቁ ቀጥ ያለ ሆኖ ቢገኝም ካቴና የሚወጥር ትንሽ መዘውር ይገጠምለታል። የሚቆሽሽ ነገር በአንድ ጨመረ ማለት ነው፣ ግን ይሠራል።

ፍሬኑ ነው የሁለተኛው ድክመት። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ነው ያለው። ጎሚኒው የመንገዱን አሸዋ ይዞ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ሲብስ ቸርኬው ሳስቶ ይሰነጠቃል። ገንዘብ ሲኖርሽ ከፊት የስተርሚ አርቸርን ከበሮ ፍሬን አስገቢ፣ ዲናሞም አብሮ ያለበት አለ። ፍሬኑ ውስጥ ስለታሸገ ጨውና ውሃ ብዙ አያገኘውም። መብራትሽም የባትሪ ጉዳይ አይሆንም። በታኅሣሥ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። አንቺ ስትሄጂም ስትመለሽም ጨለማ ነው። ብቻ ከበሮ ፍሬን ሲይዝ ሹካውን በአንድ በኩል ይጎትታል፤ ቀጭን ሹካ አይችለውም። የድሮ ማውንቴን ባይክ ሹካ ግን ወፍራም ነው።

ክሬሸንቷን ለቅዳሜ ገበያ አስቀሪያት። ከፊት ፍሬን የላትም፣ ፓራፋንጎዋም ለሰፊ ጎማ አልተሠራም። ውበቷ ላይ ጨው ማፍሰስ ነውር ነው።

እኔን ብትጠይቂኝ ሁለተኛውን ነው። ከመግዛትሽ በፊት ግን ክር ይዘሽ ሂጂ። ክሩን ከኋላ ስንጥቅ ጀምረሽ በመሪው ቱቦ ፊት አዙረሽ ወደ ሌላኛው ስንጥቅ መልሺ፣ ወጥሪው። ከዚያ ክሩ ከመቀመጫው ቱቦ በግራና በቀኝ ያለውን ርቀት ለኪ። እኩል ካልሆነ ፍሬሙ ተጣሟል። ሹካው ከፍሬሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከታች በኩል፣ በጣትሽ ዳብሺ። ቀለሙ ሸብሸብ ካለ ፊት ለፊት ተጋጭቷል ማለት ነው፣ በነፃም አትውሰጂው። መቀመጫው ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነም ሞክሪ።

ሰሜነኛው (ኦውሉ፣ ፊንላንድ)

ጋሼ አባይ ዳር፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልቃወም። እዚህ ኦውሉ ክረምቱን ሙሉ ነው የሚነዳው። የመጀመሪያው የክረምት ሳይክል ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ2013 የተካሄደውም እዚሁ ነው። የሳይክል መንገዱ በጨው አይታጠብም። በረዶው ተጠቅጥቆ ነጭ እንደሆነ ይከርማል። የእኔ ሳይክል አሉሚኒየም ነው፣ በዲስክ ፍሬን። ደህና ነኝ። ጨው ባለበት አገርም ቢሆን ከፍሬሙ በፊት የሚያልቀው ካቴናው፣ የፍሬን ገመዱና ኩሽኔታው ነው። ፍሬሙ የመጨረሻው ነው።

የዲስክን ነገር ደግሞ አታቃሉት። ቸርኬው በረዶ ለብሶም ዲስክ ይይዛል። የቸርኬ ፍሬን ግን መጀመሪያ ውሃውን ሲጠርግ ነው የሚቆየው፣ እስከዚያ አንቺ መስቀለኛ መንገዱ መሃል ነሽ። ክፍተቱ ከበቃ እኔ ሃይብሪዱን እወስድ ነበር።

እኛ ጋ ሲበርድ ሌላ ነገር አለ። ከዜሮ በታች 25 ሲሆን ሞዞ ውስጥ ያለው ግራሶ እንደ ሙጫ ይሆናል። ጎማውን የሚይዙት ትንንሽ ጥርሶች አይነሱም፣ ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል። ግራሶውን አጥቦ ቀጭን ዘይት መጨመር ነው መድኃኒቱ። ስቶክሆልም እንደዚያ የሚበርድበት ቀን ጥቂት ነው፣ ግን እወቂው። ሳይክሏንም በየማታው ሙቅ ቤት አታስገቢ። በረዶው ቀልጦ የፍሬን ገመዱ ሽፋን ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት ስትወጪ እዚያው ይጋግራል።

አባይ ዳር

ሰሜነኛው፣ ዲስክ ጥሩ ነው፣ አልከራከርህም። ጨው የሌለበት ከተማ ብኖር እኔም እንዳንተ እናገር ነበር። ብቻ መጀመሪያ ሜትሩ ይናገር።

የሚኒያፖሊሷ

እናንተ ወንዶች ስለ ሞዞ ትነጋገራላችሁ። ልጅቷ ቁመቷን ነግራችኋለች፣ ማንም አልመለሰላትም!

ማሂዬ፣ እኔ ካንቺ በሁለት ጣት ብበልጥ ነው። እዚህ ሚኒያፖሊስ ሚድታውን ግሪንዌይ የሚባለው የሳይክል መንገድ በረዶው ስለሚጠረግ በክረምትም እነዳለሁ። ለአጭር ሰው የ28 ኢንች ጎማ በክረምት ጣጣ አለው። ትንሽ ፍሬም ላይ ትልቅ ጎማ፣ በላዩ ፓራፋንጎ፣ እግርሽ ላይ ደግሞ ወፍራም ቦቲ። መሪውን ስታዞሪ የጫማሽ ጫፍ ፓራፋንጎውን ይመታል። በበጋ ትስቂበታለሽ፣ በረዶ ላይ ግን ይጥልሻል። 26 ኢንች ከሆነ ጎማው ከእግርሽ ይርቃል።

የላይኛው ቱቦ ላይ ቆመሽም ሞክሪው። በቀጭን ሱሪ ሳይሆን በክረምቱ ልብስሽ። ሳይክሏ ስትንሸራተት ሁለቱም እግርሽ መሬት መንካት አለበት። ቱቦው ከነካሽ ፍሬሙ ትልቅ ነው፣ የፈለገ ርካሽ ቢሆን ይቅር። መቀመጫውንም ከበጋው ጥቂት ዝቅ አድርጊው።

ማሂ ከቴንስታ

ተባረኩ። ትናንት ሜትርና ክር ይዤ ዞርኩ። የጎረቤቴ ልጅ ፖሊስ የመጣበት ነው የመሰለው።

ሃይብሪዱ 46 ሚሊ ሆነ። በቦቲ ተቀምጬም ሞከርኩት፣ የጫማዬ ጫፍ ጎማውን ይነካል። ገና ፓራፋንጎ ሳይኖረው! ማውንቴን ባይኩ 66 ነው። ክሩ ግራና ቀኝ እኩል መጣ፣ ሹካው ስር ምንም ሽብሻብ የለም። ቆሜበትም አይነካኝም። የኋላ ስንጥቁ ግን ቀጥ ያለው ነው። መቀመጫው ደግሞ ንቅንቅ አይልም፣ ቱቦው አሉሚኒየም ይመስላል። ባለቤቱ በዚህ ምክንያት ወደ 200 አወረደልኝ። ልውሰድ ወይስ ወጥመድ ነው?

አባይ ዳር

አሁን ያለበት ከፍታ ለቁመትሽ ከሆነ ውሰጂው፣ ቢቸግር እንኳ ትነጃታለሽ። ካልሆነም ብዙ ጊዜ ይወጣል። መቀመጫው ሲታሰር የሚጠብቀውን ቡሎን አውጪ። ፍሬሙን ገልብጪና ሰርሳሪ ዘይት በውስጥ በኩል አፍስሺ፣ ከላይም በዙሪያው። ጥቂት ቀን እየደጋገምሽ አጠጪው። ከዚያ መቀመጫውን ፈትተሽ የቱቦውን ጫፍ መርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ብረት መያዣ) ላይ አሳስሪና ፍሬሙን ራሱን ይዘሽ አዙሪ። ፍሬሙ ረጅም ዱላ ሆኖ ያገለግልሻል። በጣም በበረደ ማታ ውጭ አሳድረሽ ጠዋት መሞከርም አንዳንዴ ይረዳል፤ አሉሚኒየም ከብረት ይበልጥ ይሸማቀቃል። በመዶሻ አትምቺው። ሲወጣ ቱቦውን አጽጂና ግራሶ ቀብተሽ መልሺ። በየሁለት ወሩ አንዴ አላቂው።

እጅሽ ካለበት የፔዳሉንም ኩሽኔታ አውጪ። የቀኙ በኩል በተቃራኒ ነው የሚፈታው፣ እንዳትታገዪ። ስታወጪው ውሃና የዝገት ቅርፊት ይፈሳል፣ አትደንግጪ። ቱቦው ከታች ቀዳዳ እንዳለው እይ፣ ከተደፈነ ክፈችው። ለመኪና ውስጠኛ ክፍል የሚረጨው የፀረ ዝገት ሰም አለ፣ አንድ ቆርቆሮ ይበቃሻል። በየቱቦው ረጭተሽ ፍሬሙን እያገላበጥሽ አዳርሺው። ጋዜጣ አንጥፊ፣ ይንጠባጠባል።

ማሂ ከቴንስታ

ቀለሙንስ? የተላጠውን ልቀባው ወይስ ሙሉውን?

አባይ ዳር

ለውበት ከሆነ ተይው፣ አስቀያሚ ሳይክል ቴንስታ ጣቢያ በር ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። የተላጠውን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ ቀለም ንኪው።

ቀለሙን ትተሽ ጎማውን አሁኑኑ ግዢ። 26 ኢንች የሚባለው ብዙ ዓይነት ስለሆነ ጎማው ጎን ላይ 559 የሚል ቁጥር ፈልጊ። የድሮዎቹ የሴት ሳይክሎች 590 ናቸው፣ አይገባልሽም። ከ42 እስከ 47 ሚሊ ስፋት ያለውን፣ ሚስማሩ ከተንግስተን ካርባይድ የሆነውን። ተራ ብረት ከሆነ አስፋልቱ ቶሎ ይበላዋል። ሁለት መግዛት ካልቻልሽ አንዱን ለፊት አድርጊው። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ሁሉም ሰው ሱቅ ነው የሚሮጠው፣ ያን ጊዜ 559 ብትዪ የሚሰማሽ የለም።

ማሂ ከቴንስታ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ፍሬሙን ወስጃለሁ። ጎማውም ታዟል፣ ሁለቱም። መርሳ ያለው ሰው ሰፈራችን ካለ ጻፉልኝ፣ ቡና ከእኔ ነው።