ለመምህራን ጥቆማ፦ ኔት ሲጠፋም የሚሠራው የትኛው ነው?

ኩታበር በኩል ሳይንስ የምታስተምር አንዲት እህታችን ሰሞኑን ጠየቀችኝ። «ሰው ሁሉ አፕ አፕ ይለኛል። እኔ ያለኝ አንድ ስልክ ነው፤ ቤተ ሙከራችንም ባዶ ነው። የቱን ልያዝ?» አለችኝ። ወሎ ውስጥ የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ ለሁላችሁም ልመልሰው።

እኔ አዲስ ነገር ሲጠቆመኝ መጀመሪያ የማየው ኔት ሲጠፋ መሥራት አለመሥራቱን ነው። ተማሪዎቼ ስልክ የላቸውም፤ ዳታውም ከኪሴ ነው።

ለሳይንስ መምህር ከሁሉም በፊት ፌትን እላለሁ፤ የሳይንስ ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያሠራ ድረ ገጽ ነው። ስትፈልጉት በእንግሊዝኛ ፒ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቲ ብላችሁ ጻፉ። አሜሪካ ያለው የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ያስጀመሩት የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ናቸው። በነፃ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን እያንዳንዱን ሙከራ ለብቻው አውርዶ ያለ ኔት በስልክ መክፈት መቻሉ ነው። የኤሌክትሪክ ዑደት ሳስተምር ባትሪውን፣ ሽቦውንና አምፖሉን እዚያው ስክሪኑ ላይ እገጥማለሁ። ስልኩን ይዤ በየቡድኑ እዞራለሁ። ከማሳየቴ በፊት ግን «አንዱን አምፖል ብነቅለው ሌላው ይጠፋል?» ብዬ ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ አስጽፋለሁ። ይህን አትዝለሉት። ገምቶ የተሳሳተ ልጅ ነው ምክንያቱን ለማወቅ የሚጓጓው።

ክፍል ውስጥ የምርጫ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያገለግሉትን ካሁትና ፕሊከርስን ብዙ ሰው ያወዳድራቸዋል። ካሁት ደስ ይላል፣ ግን በክፍል ውስጥ ሲጫወቱት ለየተማሪው ወይም ለየቡድኑ ስልክና ኔት ይፈልጋል። ለእኛ ክፍል የሚቀርበው ፕሊከርስ ነው። ስልክ የሚይዘው መምህሩ ብቻ ነው። ተማሪው የታተመ ካርድ ይይዛል፤ የመረጠውን መልስ ወደ ላይ አዙሮ ያነሣል። እናንተ በካሜራ ክፍሉን ስትቃኙ ማን ምን እንደመለሰ ይመዘግባል። የየካርዱ ቅርጽ ስለሚለያይ ከጎረቤት መኮረጅ ከባድ ነው። ካርዶቹ እስከ 63 ተማሪ ያዳርሳሉ። እሱም ቢሆን ዳታ ይፈልጋል። ካርዶቹን አንዴ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማችሁ ካርቶን ላይ ለጥፏቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላሉ።

ለሒሳብ ጂኦጄብራ የሚባለው የግራፍ መሳያ አፕ። ስልክ ላይ ከተጫነ በኋላ ግራፉን ለመሳል ኔት አይጠይቅም። ሌላ አልፈለግሁም።

ለታችኛው ክፍል ማንበብ ለምታስተምሩ አፍሪካን ስቶሪቡክን ተመልከቱት። አጫጭር ባለ ሥዕል ተረቶች በአማርኛ አሉት። ከሚሴ በኩል ላላችሁ በአፋን ኦሮሞም አለ። በነፃ አትማችሁ ማባዛት ትችላላችሁ።

ቴሌግራም ሁላችሁም ጋ አለ፣ ግን አያያዙ ላይ ልምከር። ለወላጅና ለተማሪ መልእክት ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ። ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ስለሚጽፍ የቤት ሥራው በሰላምታ መሐል ይጠፋል። ቻናል ላይ የምትለጥፉት እናንተ ብቻ ናችሁ። ግሩፑን ለመምህራን ተዉት። እኛ የአንድ ትምህርት መምህራን እቅድና የፈተና ጥያቄ የምንቀባበለው እዚያ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከየትኛውም አፕ በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው። የምርጫ ጥያቄም በኩዊዝ መልክ መላክ ይቻላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. በኦንላይን መሰጠት ስለጀመረ፣ ስልክ የሚያገኙ ልጆች ስክሪን ላይ አንብቦ መመለስን ቢለምዱ አይከፋም።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ሁሉ ግን አትመኑ። የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ስታገኙ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መሆኑን ሽፋኑን ገልጣችሁ እዩ። «የወጣ ፈተና» የሚል ፋይል ደግሞ ለተማሪ አታስተላልፉ።

ለኩታበሯ እህቴ፦ ሁሉንም አንድ ላይ አትጀምሪው። ለዚህ ወር ፌትን ብቻ ያዢ። ኔት ባለበት ማታ ለሳምንቱ የሚሆኑሽን ሁለት ሙከራዎች አውርጂ፣ ዳታሽን አጥፍተሽ ከፍተሽ ሞክሪያቸው። ከከፈቱ ክፍል ይዘሻቸው ግቢ።