ኦፓኩ «አለ» ይላል፣ ሸልፉ ላይ ግን መጽሐፉ የለም

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤተ መጻሕፍታችን የሚሠራው በኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር) ነው። አንድ የኢኮኖሚክስ መማሪያ ስፈልግ ኦፓኩ (መጽሐፍ የምንፈልግበት የኮምፒውተር ካታሎግ) 3 ቅጂ አለ ይለኛል፤ ሸልፉ ጋ ስሄድ አንድም የለም። አንድ የአማርኛ ታሪክ መጽሐፍ ደግሞ ሸልፍ ላይ አለ፣ በርዕሱ ስፈልገው ግን አይመጣም። ቀድሞ ማስያዝስ እንዴት ነው?

መልስ፣ ከሰርኩሌሽን (ማዋሻ ክፍል) ሠራተኛ፦
እህቴ፣ «አለ» ማለት ማንም አልተዋሰውም ማለት ብቻ ነው። ሰው ጠረጴዛ ላይ እያነበበው ቢሆን፣ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ቢሆን፣ ያው «አለ» ነው የሚለው። ስለዚህ ከርዕሱ ሥር ያለውን የቅጂዎች ሰንጠረዥ እስከ መጨረሻው እዪው፤ የትኛው ካምፓስ እንዳለ፣ ሪዘርቭ (ለብቻ ተለይቶ የተቀመጠ) ይሁን አይሁን እዚያ ተጽፏል። የሪዘርቭ ቅጂ አጠቃላዩ ሸልፍ ላይ አይገኝም።

ኮል ነምበሩን (መጽሐፉ ሸልፍ ላይ የት እንደሚቆም የሚያሳየውን ቁጥር) ፎቶ አንሺው። ለምሳሌ ኤችቢ 171.5 ካለ በኋላ የሚመጣው ፊደልና ቁጥር የሚነበበው እንደ አስርዮሽ ነው፤ ኤም325 ከኤም4 በፊት ይቆማል፣ 0.325 ከ0.4 ያንሳላ። ብዙ ተማሪ 325ን ከ4 በኋላ ይፈልግና የለም ብሎ ይመለሳል። እዚያም ካጣሽው ከላይና ከታች ያለውን መደርደሪያ ፈትሺ፣ ከዚያ የቅጂውን ባርኮድ ይዘሽ ዴስኩ ላይ አሳውቂ። እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ፤ «ጠፍቷል» ተብሎ ካልተመዘገበ ሲስተሙ ነገም ለሌላው ተማሪ «አለ» ይላል።

መልስ፣ ከካታሎገር (መጻሕፍቱን ሲስተሙ ላይ ከሚመዘግብ ሠራተኛ)፦
የአማርኛው መጽሐፍ የማይመጣው በፊደል ሳይሆን አይቀርም። ሽፋኑ ላይ እንዳለው «ሥልጣኔ» ተብሎ የተመዘገበውን «ስልጣኔ» ብለሽ ብትፈልጊ ለኮምፒውተሩ ሌላ ቃል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ያሉበትን ቃል ሁሉ በየመልኩ ሞክሪው፣ ወይም እነዚህ ፊደላት የሌሉበትን ቃል ከርዕሱ ምረጪ።

መዝገቡ በላቲን ፊደል ብቻ የገባ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አጻጻፍ «የ»ን በዋይ እና በኤ ነው የሚጽፈው፤ አንቺ በዋይ እና በኢ ከጻፍሽ አትገናኙም። የቃሉን መጀመሪያ ጽፈሽ ኮከብ (*) ጨምሪበት። በደራሲ ስትፈልጊ በራሱ ስም ጀምሪ፤ ካልመጣ የአባቱን ስም አስቀድሚ፣ ከውጭ የተቀዱ መዛግብት ስሙን ገልብጠውት ይገኛሉ። በዓመት አታጣሪ። ሽፋኑ ላይ 1999 ዓ.ም. የሚል መጽሐፍ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ወይም በ2007 ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል።

መልስ፣ ስለ ማስያዝ፦
አካውንትሽ ሳትገቢ ሆልድ (ማስያዝ) ማድረጊያው አይሠራልሽም። መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ የመታወቂያ ቁጥር ነው፤ እምቢ ካለ ከነእዝባሩም (/) ያለ እዝባሩም ሞክሪ፣ ግን ደጋግመሽ ከተሳሳትሽ አካውንቱ ሊቆለፍ ይችላል። ገብተሽም የማስያዣው ቁልፍ ከሌለ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ማስያዝ የሚፈቅደው ለተዋሱ መጻሕፍት ብቻ ይሆናል። ሆልድሽ ደርሶ ዴስክ ላይ ሲቀመጥልሽ ቶሎ ውሰጂ፤ የኮሃ ነባር ቅንብር 7 ቀን ነው፣ የእናንተው ሊያጥር ይችላል። የተዋስሽውን መጽሐፍ ሌላ ሰው ካስያዘው ማደስ ላይፈቀድልሽ ስለሚችል የመመለሻውን ቀን አትጠብቂ።

ስትመልሺ ደግሞ መጽሐፉን ጥለሽ አትሂጂ። ባርኮዱ ስካን ሲደረግ እዪ፣ በስልክሽ አካውንትሽን ክፈቺና ከዝርዝሩ መውጣቱን አረጋግጪ። ሳይነበብ ሸልፍ የገባ መጽሐፍ በስምሽ እንደተመዘገበ ይቀርና ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለብሽ የሚያረጋግጥ ወረቀት) ስትጠይቂ ይመጣብሻል።