ለገና አዳማ ሄዳችሁ ልትነዱ ላሰባችሁ፦ ከፊት ካለው መኪና ምን ያህል እንራቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። ለገና አዳማ ሄዳ ራሷ መንዳት ያሰበችው እህታችን ከፊቷ ካለው መኪና ምን ያህል መራቅ እንዳለባት ጠይቃለች። «ክፍተት ከተውሽ ይገቡበታል ይሉኛል» ብላለች። እውነት ነው፣ ይገቡበታል። ቢሆንም ተዪው፣ እህቴ።

የምኖረው ጀርመን ነው። የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ እዚህ መኖር ከጀመሩ በኋላ የሚያገለግለው ለ6 ወር ብቻ ነው። አዳማ ስነዳ ኖሬ ብመጣም የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና እንደ አዲስ ወሰድኩ። አስተማሪዬ ከሁሉ በፊት ያስያዘኝ የፍጥነትን ግማሽ በሜትር መራቅን ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሆነ 50 ሜትር። እዚህ በመንገዱ ዳር ያሉት ነጫጭ ምሰሶዎች በየ50 ሜትሩ ስለቆሙ በእነሱ ይለካል። አዳማ መንገድ ላይ ግን ሜትር በዓይን መገመት ያሳስታል። ስለዚህ ቁጠሪ።

በፈጣኑ መንገድ ላይ ከላይ የሚያቋርጡ ድልድዮች አሉ። የፊተኛው መኪና የድልድዩን ጥላ ሲያልፍ ሳትቸኩዪ «ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት» በይ፤ እያንዳንዱ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ሳትጨርሺ ጥላው ላይ ከደረስሽ ተጠግተሻል። እግርሽን ከነዳጅ አንሺ፣ ክፍተቱ ራሱ ይሰፋል። ሁለት ሰከንድ የመጨረሻው ትንሹ ነው። እኔ ሦስት እላለሁ፣ ዝናብ ካለ ደግሞ ቢያንስ አራት። 100 ላይ መኪናው በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የፈጣኑ መንገድ ጣሪያ በሆነው 120 ላይ 33። ዓይንሽ አይቶ እግርሽ ፍሬን እስኪረግጥ ብቻ አንድ ሰከንድ ያህል ያልቃል።

ባለፈው ስሄድ ታናሽ ወንድሜ እየነዳ በአሮጌው መንገድ ወደ አዲስ አበባ እንሄድ ነበር። ሞጆን እንዳለፍን ወንድሜ ቲማቲም ከጫነ አይሱዙ ኋላ ተለጠፈ። ጋቢና ተቀምጬ የሳጥኖቹ ሚስማር ሳይቀር ይታየኛል። ከአይሱዙው ፊት ያለው ግን አንዳች አይታይም። ለካ ተሳቢ ተበላሽቶ ቆሞ፣ ድንጋይና ቅጠል መንገዱ ላይ ተደርድሯል። አይሱዙው ፍሬን ያዘ። ወንድሜም ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። ለጥቂት ተረፍን። ከላይ የነበረ ሳጥን ተንሸራቶ ቲማቲሙ ኮፈናችን ላይ ፈረጠ። የወንድሜ እጅ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ራቅ ስል እኮ ይገቡብኛል» አለኝ። አብረን አሰብነው። እስክንደርስ አሥር መኪና ቢገባበትና ለእያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ ወደኋላ ቢል፣ የሚዘገየው ግማሽ ደቂቃ ነው። ዝም አለ። ዱከም አካባቢ በለሆሳስ ሲቆጥር ሰማሁት።

ከተማ ውስጥ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባጃጁ ሲበዛ፣ ስትቆሚ የፊተኛው የኋላ ጎማ አስፋልቱን ሲነካ ይታይሽ። ከኋላ ተጠግቶ መብራት የሚያበራብሽ ካለ አትፍጠኚለት፤ ከፊት ያለውን ክፍተት ይበልጥ አስፊና ቀኝ ይዘሽ አሳልፊው። በማታ አሮጌውን መንገድ ተዪው፣ የኋላ መብራት የሌለው ጭነት መኪና አይጠፋም። የምትከራዪውን መኪና ከመረከብሽ በፊትም አንድ ሰው ከኋላ አቁመሽ ፍሬን እርገጪ፤ ሁለቱም የፍሬን መብራት መብራቱን ይንገርሽ።