ያገለገለ ኒንጃ 400 ሞተር ሳይክል ልገዛ ነው፣ ምን ምን ልይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገን፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። የ2019 ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ላይ ዓይኔን ጥያለሁ፣ ቅዳሜ ሄጄ ላየው ነው። ባለቤቱ «አንድ ቀን እንኳ ወድቆ አያውቅም» ይላል፣ ፎቶው ላይም ያብረቀርቃል። ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ በፎቶ እንዳትሸወድ። የውጭ ሽፋኑ ፕላስቲክ እንደሆነ ይቀየራል። አንተ የመሪውን ጫፎች፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎቹን ጫፍ፣ የእግር መርገጫውን እይ፣ ከወደቀ ቀድሞ የሚፋቀው እዚያ ነው። ከዛ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙርና ፍሬሙ ላይ የሚመታበትን ማቆሚያ ተመልከት። ተጨፍልቆ ወይም ተሰብሮ ካገኘኸው ዋጋ ምናምን አትከራከር፣ ጥለኸው ሂድ።

መልስ፦ እኔ እስክደርስ እንዳታስነሳው በለው። ስትደርስ ኢንጂኑን በእጅህ ዳሰስ አድርግ፣ ሞቆ ከጠበቀህ ጠርጥር፤ ጉዱ የሚወጣው በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው። የፊት ሾኮቹ ላይ ዘይት ካረጠበም የማሳደሻውን ከዋጋው አስቀንስ።

መልስ፦ ጎማውን አትርሳ እንጂ! ጎኑ ላይ DOT ብሎ ከሚጀምረው ኮድ የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች 3519 ከሆኑ በ2019 35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ መታጠፊያ ላይ ያንሸራትታል።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። ወረቀቱስ?

መልስ፦ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) በሻጩ ስም ይሁን፣ ሳልቬጅ (ክፉኛ ተጎድቶ የነበረ) የሚል እንዳይኖርበት። ፍሬሙ አንገት ላይ (መሪው የሚገጠምበት ጋ) የታተመውን ቪን፣ ማለትም የሞተሩን መለያ ቁጥር፣ ከታይትሉ ጋር አንድ በአንድ አስተያይ። የኢንሹራንሱን ዋጋም ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ፣ በተለይ ወጣት ከሆንክ።